አራተኛዋ እህት፦ «በቢራቢሮዎቹ ዘመን» የተሰኘው ልቦለድ እንዴት ተሠራ፣ እንዴትስ ይነበባል?

በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ይኖሩ ከነበሩት ከአራቱ የሚራባል እህትማማቾች ሦስቱ በአንድ ቀን ተገድለዋል። ስለ እነሱ የተጻፈውን ልቦለድ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ተሸክማ የምትዘልቀው ግን ያልሞተችው ናት። የጁሊያ አልቫሬዝን «በቢራቢሮዎቹ ዘመን» የሚያነቡ ብዙዎች ይህን ልብ ሳይሉ ያልፉታል። ዓይናቸው ደፋሯን ሚኔርቫን ተከትሎ ይሄዳል፤ መጽሐፉን ሲዘጉም የሚቀራቸው የጀግኖች ገድል ብቻ ነው። በ1994 የታተመው ይህ ልቦለድ የተሠራው ግን ለሌላ ጥያቄ ነው። በአምባገነን ሥር የሚኖር ተራ ሰው «እምቢ» ወደሚልበት ቦታ በምን በምን መንገድ ይደርሳል? ያልደረሰውስ ቀሪ ዕድሜውን እንዴት ይኖራል?

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በየዓመቱ ኅዳር 16 ቀን በአገራችን የነጭ ሪባን ቀን ይከበራል፤ በሴቶች ላይ የሚደርስ ጥቃትን የሚቃወመው የ16 ቀን ዘመቻም በዚያው ቀን ይጀመራል። ቀኑ የተመረጠው ሦስቱ እህትማማቾች ስለተገደሉበት ነው፤ ኖቬምበር 25 ቀን 1960፣ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 16 ቀን 1953 ዓ.ም.። በ1981 በቦጎታ የተሰበሰቡ የላቲን አሜሪካና የካሪቢያን የሴቶች መብት ታጋዮች የመታሰቢያ ቀን አደረጉት። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ደግሞ በ1999 በውሳኔ ቁጥር 54/134 ለዓለም ሁሉ አጸደቀው። በየአዳራሹ የሴቶቹ ስም ቢነሳ እንኳ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተነግሮ ወደ ሌላ ይታለፋል። ልቦለዱ ያንን ዓረፍተ ነገር ሊፈታው የተነሳ ሥራ ነው። («በእኛ አቆጣጠር» ከተባለው በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከልቦለዱ በፊት የነበረው ታሪክ

ራፋኤል ትሩሂዮ ዶሚኒካን ሪፐብሊክን ከ1930 ጀምሮ በሜይ 1961 እስከተገደለበት ቀን ድረስ ገዛ። ዋና ከተማዋን ሳንቶ ዶሚንጎን በ1936 በራሱ ስም አስጠራት። ምስሉ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። «ሲም» በሚል ምሕጻር የሚታወቀው የስለላ ድርጅቱ ጥቁር ቮልስዋገኖችም በየመንደሩ ይዞሩ ነበር።

የሚራባል ቤተሰብ በሳልሴዶ አቅራቢያ ኦሆ ዴ አጉዋ በተባለ ቦታ የሚኖር፣ እርሻም ሱቅም ያለው ደህና ቤተሰብ ነበር። ፓትሪያ በ1924፣ ዴዴ በ1925፣ ሚኔርቫ በ1926፣ «ማቴ» እየተባለች የምትጠራው ማሪያ ቴሬሳ ደግሞ በ1935 ተወለዱ። ጁን 14 ቀን 1959 በስደት ያሉ ተቃዋሚዎች ያደረጉት ወረራ ከከሸፈ በኋላ፣ በዚያው ቀን ስም የተሰየመ የኅቡዕ ንቅናቄ ተመሠረተ። መሪው የሚኔርቫ ባል ማኖሎ ታቫሬስ ነበር፤ እህትማማቾቹም በኅቡዕ ስማቸው «ቢራቢሮዎች» ይባሉ ነበር። በጃንዋሪ 1960 ንቅናቄው ተደረሰበትና እስሩ ተጀመረ። በኖቬምበር ሦስቱ ሴቶች ፑዌርቶ ፕላታ የታሰሩትን የሚኔርቫንና የማቴን ባሎች ጠይቀው ሲመለሱ መንገድ ላይ ተይዘው፣ ከሹፌራቸው ከሩፊኖ ዴ ላ ክሩስ ጋር ተገደሉ። አስከሬናቸው በመጡበት ጂፕ ውስጥ ተጭኖ፣ የመኪና አደጋ እንዲመስል ገደል ተለቀቀ። ፓትሪያ 36፣ ሚኔርቫ 34፣ ማቴ 25 ዓመታቸው ነበር። የፓትሪያ ባል ፔድሮ እዚያ እስር ቤት አልነበረም። እሷ የሄደችው እህቶቿን ብቻቸውን ላለመስደድ ነው።

ስለ ደራሲዋ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። አልቫሬዝ በ1950 ኒውዮርክ ተወልዳ በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ያደገች ናት። አባቷ ትሩሂዮን ለመጣል በተጠነሰሰ ሴራ ውስጥ እጃቸው ስለነበረበት ቤተሰቡ በኦገስት 1960 ወደ አሜሪካ ሸሸ፤ ሴቶቹ ከመገደላቸው አራት ወር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ መጽሐፉን የጻፈችው ከዚያ ዘመን በሕይወት ከተረፉት አንዷ ናት። ለዴዴ የሰጠችው ቦታ በአጋጣሚ የመጣ አይመስልም።

አሠራሩ

ልቦለዱ ሦስት ክፍልና 12 ምዕራፍ አለው፤ በመጨረሻ ማሳረጊያና የደራሲዋ ድኅረ ቃል ይከተላሉ። የመጀመሪያው ክፍል ከ1938 እስከ 1946፣ ሁለተኛው ከ1948 እስከ 1959 ይዘልቃል። ሦስተኛው ክፍል ግን 1960ን ብቻ ይዟል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች ከ20 ዓመት በላይ ሲሸፍኑ የመጨረሻው አንድ ዓመት ሳይሞላ ያልቃል። ፍጥነቱ የሚቀንሰው አንባቢ መጨረሻውን አስቀድሞ ስለሚያውቅ ነው። «ምን ይሆናሉ?» የሚለው ጥያቄ ከመጀመሪያው ገጽ ተነስቷል፤ የሚቀረው «እንዴት እዚያ ደረሱ?» የሚለው ነው።

እያንዳንዷ እህት በየክፍሉ አንድ ምዕራፍ አላት። ዴዴ ሁልጊዜ ቀዳሚ ናት፤ 1ኛው፣ 5ኛውና 9ኛው ምዕራፍ የእሷ ናቸው። በሁለቱ ክፍሎች ከእሷ ቀጥሎ ሚኔርቫ፣ ማቴና ፓትሪያ በዚሁ ተራ ይመጣሉ። በሦስተኛው ክፍል ተራው ይገለበጣል፤ ፓትሪያ ትቀድማለች፣ ማቴ ትከተላለች፣ ሚኔርቫ መጨረሻ ትሆናለች። ለውጡ ከባድ ሥራ ይሠራል። የእስሩ ማዕበል ቤት ድረስ የሚመጣው በፓትሪያ ምዕራፍ ነው፤ እስር ቤቱን ከውስጥ የምናየው በማቴ ማስታወሻ ነው፤ ወደ ገደሉ የሚወስደው መንገድ ደግሞ ለሚኔርቫ ተትቷል። ደራሲዋ ጀግናዋን የምታሰናብተን ከሁሉ በላይ በደከመችበት ሰዓት ነው።

ዋናው ነገር የትረካ አንጻሩ ነው። ሦስቱ ሟቾች «እኔ» እያሉ ይተርካሉ። በሕይወት ያለችው ዴዴ ግን በሦስቱም ምዕራፎቿ «እሷ» ናት፤ ስለ እሷ ሌላ ሰው ይተርካል። ሟቾቹ የራሳቸው ድምፅ አላቸው፤ ነዋሪዋ ድምፅ የላትም። በማሳረጊያው ብቻ ዴዴ ለመጀመሪያ ጊዜ «እኔ» ትላለች። መጽሐፉን በአንድ ዓረፍተ ነገር ግለጽ የሚባል ሰው ቢኖር፣ ከአራት እህትማማቾች አራተኛዋ «እኔ» ለማለት 34 ዓመት የፈጀባት ታሪክ ነው ቢል ከእውነቱ አይርቅም።

ዴዴ

የዴዴ ምዕራፎች በሁለት ጊዜ መካከል ይመላለሳሉ። አንደኛው 1994 ነው፤ ከአሜሪካ የመጣች ትውልደ ዶሚኒካን ሴት ልታነጋግራት ቤቷ ትመጣለች። ሌላው ምልሰት ነው። በ1ኛው ምዕራፍ ያለው ምልሰት ከ1943 አካባቢ የሆነ አንድ ምሽት ነው፤ ቤተሰቡ ከቤት ውጭ ዛፍ ሥር ተሰብስቦ ይጫወታል፤ አባትየው እየቀለዱ የልጆቻቸውን ዕድል ይተነብያሉ። ዴዴ ባለጸጋ እንደምትሆን፣ ሁሉንም በሐርና በሉል አድርጋ እንደምትቀብር ይናገራሉ። እንደ ቀልድ የተጣለው ቃል የመጽሐፉ ትልቁ ንግር ነው። በዚያው ምሽት ስለ ትሩሂዮ አንድ ቃል ሲወጣ ጨዋታው ይቀዘቅዛል፤ ጨለማው ውስጥ የሚሰማ ጆሮ ሊኖር ይችላልና። አምባገነንነት ወደ ታሪኩ የሚገባው በዚህ መንገድ ነው፤ ወታደርም ጥይትም ሳይታይ፣ አንድ ቤተሰብ በገዛ ግቢው ድምፁን ሲቀንስ።

ትንቢቱ በከፊል ይደርሳል። በ1994 ዴዴ የተሳካላት የሕይወት ኢንሹራንስ ሻጭ ናት። ከእህቶቿ ጋር ከመገደል ለጥቂት የተረፈች ሴት የሕይወት ዋስትና ስትሸጥ እምቢ የሚል ሰው አይገኝም። አልቫሬዝ ይህን በጥቂት መስመር ጠቅሳ ታልፈዋለች እንጂ አትተነትነውም። ሆኖም የዴዴን ኑሮ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ዝርዝር በመጽሐፉ ውስጥ የለም፤ ሞት ያለፋት ሴት እንጀራዋም በሞት ላይ ነው።

ለምን አልተሳተፈችም? 9ኛው ምዕራፍ መልሱን ሳያለሳልስ ይሰጣል። ሦስቱ እህቶቿ መጥተው በካካዎ ማሳዋ ውስጥ ሣጥን እንዲቀበር ይጠይቋታል። በሣጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ አንባቢ ያውቃል። እሷ ባሏን ሃይሚቶን ማስፈቀድ እንዳለባት ትናገራለች። ትዳሯን ጥላ ለመውጣት ታስባለች፤ ትነሳለች፤ ትመለሳለች። ሃይሚቶ ክፉ ሰው ሆኖ አልተሳለም። ለሚስቱና ለልጆቹ የሚፈራ፣ ቤቱ ውስጥ ግን የመጨረሻው ቃል የእሱ እንዲሆን የሚፈልግ ሰው ነው። ዴዴ አንዳንዴ ባሏን እንደ ምክንያት ትጠቀምበታለች፤ ፍርሃቱ የራሷም ነበርና። ይህን ለራሷ የምታምንበት ቦታ ከልቦለዱ ምርጥ ገጾች አንዱ ነው፤ አንባቢ እንዲፈርድባት የሚገፋ አንድም ቃል የለበትም።

ማሳረጊያው ላይ ግድያውን በተለመደው መልክ የሚጠብቅ አንባቢ አያገኘውም። የሚኔርቫ የመጨረሻ ምዕራፍ መኪናዋ ወደ ተራራው ስትገባ ይቆማል። የሆነውን የምንሰማው በየቀኑ ወደ ዴዴ ቤት ከሚመጡ ሰዎች ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ ይዞ ይመጣል፤ አንዱ ጂፑን አይቷል፤ አንዱ ሰላምታ ተለዋውጧል፤ አንዱ ቦርሳ ሸጦላቸዋል። (በ12ኛው ምዕራፍ ሴቶቹ መንገድ ላይ ሱቅ ገብተው የእጅ ቦርሳ ይገዛሉ። በዚያ ቀን ቦርሳ መግዛታቸው፣ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት እንደ ማንኛዋም ሴት የሚኖሩ መሆናቸውን ከማንኛውም ንግግር በላይ ያሳያል።) ዴዴ ሁሉንም ቁጭ ብላ ታዳምጣለች፤ ለሰዎቹ መናገሩ ያስፈልጋቸዋልና። ዓመታት ካለፉ በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ሰው ታሪኩን ሊነግራት ሳይሆን ሊሰማት ይመጣል። አድማጯ ተራኪ ሆናለች። ከ«እሷ» ወደ «እኔ» የተደረገው ሽግግር የተገነባው በዚህ ላይ ነው።

የሦስቱ መንገድ

ማቴን የምናውቃት በማስታወሻ ደብተሯ ነው። በመጀመሪያው ገጽ 10 ዓመቷ ነው፤ ስለ ጫማዋና ስለ ኃጢአቷ ትጽፋለች። ትሩሂዮንም ትወደዋለች፤ ከእሱ ጋር በኦክቶበር ወር መወለዷ፣ ልደታቸውም በዘጠኝ ቀን ብቻ የሚለያይ መሆኑ ያኮራታል። ይህ ገጽ በልጅ ልብ ውስጥ ፕሮፓጋንዳ ምን ያህል ፍቅር መስሎ እንደሚያድር ያሳያል። ወደ ትግሉ የምትገባው አንድ ወጣት ሚኔርቫ ቤት ሣጥን ይዞ ሲመጣ ወድዳው ነው። አንዳንድ ተንታኞች ይህን እንደ ድክመት ያዩታል። ስህተት ይመስለናል። ደራሲዋ ለማቴ የፖለቲካ ንግግር ብትሰጣት ኖሮ አራት ሚኔርቫዎች ይኖሩን ነበር።

የማስታወሻው ቅርጽ ራሱ ይናገራል። በመሃሉ በእጅ የተሣሉ ነገሮች አሉ፤ ጫማና ቀሚስ የምትሥለው ልጅ በኋላ የቦንብ ንድፍና የእስር ክፍሏን ካርታ ትሥላለች። አንድ እጅ፣ አንድ ጥንቃቄ፤ የተለወጠው የሚሣለው ነገር ነው። የቦንቡ ሥዕል በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ሳይቀር ክርክር አስነስቷል። እስር ቤት ሲደረስ ደግሞ የተቀደዱ ገጾች ይመጣሉ። ማሠቃየቱ የተጻፈበት ክፍል እንደ ማስታወሻ ሳይሆን ለአሜሪካ መንግሥታት ድርጅት መርማሪዎች እንደሚሰጥ ምስክርነት የቀረበ ነው፤ ስሞቹም ጠቁረዋል። አንባቢ ባዶውን ሲያይ ሁለት ነገር ይገነዘባል፤ የደረሰው ነገር ለማቴ እንኳ በደብተሯ ለመጻፍ እንደከበዳት፣ ደግሞም የሌሎችን ስም መሸፈን በዚያ ቦታ ራሱን የቻለ ትግል እንደነበር።

ፓትሪያ ሃይማኖተኛዋ ናት። ሦስተኛ ልጇ ሞቶ ሲወለድ እምነቷ ይናጋል፤ ለማንም ግን አትናገርም። ወደ ኢግዌይ ወደ እመቤታችን ሥዕል ተሳልማ ስትሄድ መልስ የምታገኘው ከሥዕሉ ሳይሆን ከኋላዋ ከተሰበሰበው ምዕመን ፊት ነው። ይህ በ4ኛው ምዕራፍ ያለ ነው። በ8ኛው፣ በ1959፣ ለሱባኤ ተራራ ላይ ሳለች የጁን 14ቱ ውጊያ እላይዋ ላይ ይወርዳል፤ ገና አንድ ፍሬ ልጅ የሆነ ታጣቂ ዓይኗ ሥር ይገደላል። እንደ ራሷ ልጅ ታየዋለች። ቤቷን ለንቅናቄው የምትከፍተው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለቱ ምዕራፎች አብረው ካልተነበቡ የፓትሪያ ለውጥ ድንገተኛ ይመስላል። በአንድነት ሲነበቡ ግን ከምዕመኑ ፊት የጀመረው ነገር ልጁ ፊት ላይ እንደተፈጸመ ይታያል። በ10ኛው ምዕራፍ ልጇ ኔልሰን ሲታሰር ደግሞ ፓትሪያ በግድግዳው ላይ ወዳለው የትሩሂዮ ምስል ዞራ ትለምናለች። ምስሉ ከመልካሙ እረኛ ሥዕል ጎን ተሰቅሎ የኖረ ነው። አምባገነን ሰው የአምላክን ቦታ ሲይዝ ምን እንደሚመስል ከዚህ ትዕይንት የተሻለ ማሳያ ማግኘት ያዳግታል።

ሚኔርቫን በተመለከተ ብዙ ስለተባለ በአጭሩ። ለትምህርት ከቤት ወጥታ ነጻ የምትሆን መስሏት ነበር፤ አዳሪ ትምህርት ቤት ገብታ ከጓደኛዋ ከሲኒታ የትሩሂዮን ግድያዎች ስትሰማ ግን ከትንሽ እስር ቤት ወጥታ ትልቁ ውስጥ እንደገባች ይገባታል። ሰው የማያወራለት ገጽታዋ በ12ኛው ምዕራፍ ያለው ነው። ከእስር ወጥታ በቁም እስር ላይ ነች፤ መውጣት የሚፈቀድላቸው በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሐሙስ ባሎቻቸውን ለመጠየቅና እሑድ ለቤተ ክርስቲያን ነው። ሕዝቡ «ቢራቢሮዋ» እያለ በስውር ሰላም ይላታል። እሷ ግን ሰው ስታይ ትሸበራለች፤ ጭር ያለ ቤት ትፈልጋለች፤ ለሌሎች ስትል ብርቱ መስላ ትታያለች። ደራሲዋ ጀግንነትን እዚህ ላይ እንደ ሥራ ነው የምታሳየው፤ በየማለዳው ተነስቶ የሚለበስ፣ የሚያደክም፣ አንዳንዴም የማይመጥን። ሚኔርቫን ያለዚህ ምዕራፍ የሚያወድስ ሰው ከመጽሐፉ ግማሿን ብቻ ነው ያያት።

ቤት ውስጥ ያለው አገዛዝ

ልቦለዱ ትሩሂዮን በብዙ ገጽ አያሳየንም። በምትኩ አባት፣ ባልና ካፒቴን ያሳየናል። ኤንሪኬ ሚራባል ልጆቹን የሚወድ አባት ነው፤ ግን ሌላ ቤትና ሌሎች አራት ሴቶች ልጆች አሉት፤ ለሚኔርቫ የተጻፉ ደብዳቤዎችንም ደብቋል። ሚኔርቫ ሁለቱንም በአንድ ምዕራፍ (6ኛው፣ 1949) ታገኛቸዋለች፤ በዚያው ምዕራፍ የትሩሂዮ የጭፈራ ግብዣ ይመጣል። ግብዣው ጥሪ አይደለም፤ ትእዛዝ ነው። መሪው ሳይወጣ ቀድሞ መውጣትም ወንጀል ነው። ቤተሰቡ በዝናብ ቀድሞ ሲወጣ የሚከተለው የአባትየው መታሰር ነው።

ሚስጥር፣ የተደበቀ ደብዳቤ፣ ያለ ፈቃድ የማይከፈት በር፤ እነዚህ በመጀመሪያ በቤት፣ ከዚያ በአገር ደረጃ ይደጋገማሉ። ኖቬምበር 25 የሴቶች ጥቃት ቀን መሆኑ «የፖለቲካ ግድያን ከቤት ውስጥ ጥቃት ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ጥያቄ ሲያስነሳ ይሰማል። ለዚህ ጥያቄ 6ኛው ምዕራፍ በቂ መልስ ይዟል።

ታሪክና ፈጠራ የት ይለያያሉ?

እዚህ ላይ ብዙ አንባቢ ይሳሳታል፤ ትዕይንቱን እንደ ማስረጃ ይጠቅሰዋል። ሚኔርቫ ትሩሂዮን በጥፊ የመታችበት ትዕይንት በመጽሐፉ ውስጥ ደማቅ ነው፤ በታሪክ ግን የሚታወቀው በኦክቶበር 1949 በሳን ክሪስቶባል በተደረገው ግብዣ ላይ እምቢ ማለቷና ቤተሰቡ ቀድሞ መውጣቱ ነው። ጥፊው በአፈ ታሪክነት የሚነገር ነው። ለሕግ ትምህርት ፈቃድ ሲባል ከትሩሂዮ ጋር ዳይስ የተወረወረበት ትዕይንት ደግሞ የደራሲዋ ፈጠራ ነው። ሕግ ተምራ ብትመረቅም የሙያ ፈቃድ መከልከሏ ግን እውነት ነው። ሊዮ የተባለው አብዮተኛ፣ የሚኔርቫ ወዳጅ የነበረውን ፔሪክሌስ ፍራንኮን ያስታውሳል፤ እሱን ራሱን ግን አይደለም። ሚኔርቫና ማቴ በ1960 የታሰሩት ሁለት ጊዜ ሲሆን ልቦለዱ አንድ ተከታታይ እስር አድርጎ ጨምቆታል።

አልቫሬዝ ይህን አልደበቀችም። በድኅረ ቃሉ እህትማማቾቹ የራሷ ፈጠራ መሆናቸውን ትናገራለች፤ ምክንያቷም ጠንካራ ነው። እነሱን አፈ ታሪክ አድርጎ ከፍ መስቀል ትሩሂዮን አምላክ ካደረገው ግፊት አይለይም፤ ድፍረታቸውንም ለተራ ሰው የማይደረስ ያደርገዋል። ጥፊውን ያስገባችው ግን ራሷ ናት። በድኅረ ቃሉ የምትሸሸውን አፈ ታሪክ በ6ኛው ምዕራፍ መልሳ አጠናክራዋለች፤ ይህ የመጽሐፉ ያልተፈታ ተቃርኖ ነው።

ሌላም ጉድለት አለ፤ ይበልጥ ከባድ። በኦክቶበር 1937 ትሩሂዮ በድንበር አካባቢ በሺዎች የሚቆጠሩ ሄይቲያውያንን አስጨፍጭፏል። የሚኔርቫ ምዕራፍ የሚጀምረው በ1938 ነው። ሆኖም ጭፍጨፋው ከማለፊያ ጥቅሻ በላይ ቦታ አያገኝም። የቤት ሠራተኛዋ ፌላም የሟቾቹ መንፈስ የሚያድርባት ሴት ሆና ትቀርባለች እንጂ የራሷ ታሪክ አይሰጣትም። የአገዛዙ ግፍ የሚለካው መሬትና ስም ባለው ቤተሰብ ላይ በደረሰው ብቻ ይሆናል። አንባቢ ይህን ክፍተት ይዞ ማንበብ አለበት፤ ተራኪዎቹ የማያዩትን ማየት የእሱ ድርሻ ነው።

በቡድን ለሚያነቡና ለሚያስተምሩ

መጽሐፉ በአራት ስብሰባ በደንብ ያልቃል፤ ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ፣ ለማሳረጊያውና ለድኅረ ቃሉ አንድ። ብዙ ቡድኖች ማሳረጊያውን ከሦስተኛው ክፍል ጋር ጠቅልለው ይጨርሱታል። ያኔ ውይይቱ በግድያው ላይ ይቀርና ዴዴ ሳትነሳ ትቀራለች።

ከመጀመሪያው ስብሰባ በፊት የምዕራፎቹን ርዕስና ዓመት በአንድ ወረቀት መጻፍ ይጠቅማል። ስሞቹ ይደባለቃሉ፤ ባሎቹ፣ ልጆቹና የኅቡዕ ስሞቻቸው ከ20 በላይ ሲሆኑ በተለይ ከ7ኛው ምዕራፍ ጀምሮ አንባቢ ክሩ ይጠፋበታል። ከእያንዳንዷ እህት ስም ሥር አንድ ጥያቄ ይጻፍ፦ ወደ ንቅናቄው ያስገባት የትኛው ቀን ነው? ለፓትሪያና ለማቴ ቀኑ ቶሎ ይገኛል። ለሚኔርቫ ያከራክራል፤ ሲኒታ የነገረቻት ሌሊት ነው? ግብዣው ነው? የአባቷ ሞት ነው? ለዴዴ ደግሞ ጥያቄው ራሱ መለወጥ አለበት።

ከሦስተኛው ስብሰባ በኋላ ሁሉም 1ኛውን፣ 5ኛውንና 9ኛውን ምዕራፍ ሌሎቹን ዘሎ በተከታታይ ደግሞ ያንብባቸው። በዚህ ንባብ ዴዴ ለጠያቂዋ የምትነግረውና ለራሷ ብቻ የምታስታውሰው ይለያል፤ የመጀመሪያው በየዓመቱ የተደጋገመ፣ የተስተካከለ ታሪክ ነው፤ ሁለተኛው ፍርሃት፣ ቅናትና ጸጸት ያለበት ነው። ጠቋሚ ምልክት በሁለት ቀለም ማድረግ ልዩነቱን ለተማሪ ወዲያው ያሳያል።

ድኅረ ቃሉ አስቀድሞ መነበብ የለበትም። መምህራን ታሪካዊ መነሻ ይሰጣል ብለው ከፊት ያስነብቡታል፤ ነገር ግን ደራሲዋ ስለ ሥራዋ የምትናገረው ተማሪው የራሱን ፍርድ ሳይሰጥ ይይዘዋል። ለመነሻ ከላይ ያለው አጭር ታሪክ ይበቃል። ከልቦለዱ በኋላ የሆነው ለመጨረሻው ስብሰባ ይቆይ። ገዳዮቹ ትሩሂዮ ከሞተ በኋላ በ1962 ተፈርዶባቸው ሳለ ቅጣታቸውን ሳይጨርሱ ወጥተዋል። ማኖሎ በ1963 መጨረሻ ለትጥቅ ትግል ጫካ ገብቶ ተገድሏል። ዴዴ የእህቶቿን ልጆች ከእናቷ ጋር አሳድጋ፣ በኮኑኮ መንደር ያለውን የቤተሰቡን ቤት ሙዚየም አድርጋ፣ እስከ 2014 ኖራለች። ወንድ ልጇ ሃይሜ ዳቪድ ከ1996 እስከ 2000 የአገሪቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ነበር፤ የሚኔርቫ ልጅ ሚኑም የሕዝብ ተወካይ ሆና አገልግላለች። የሳልሴዶ ክፍለ ሀገር ከ2007 ጀምሮ በእህትማማቾቹ ስም ይጠራል። እነዚህን ይዞ ወደ ማሳረጊያው የሚመለስ ቡድን፣ ዴዴ በ«እኔ» የምትናገርባቸውን ገጾች ጮክ ብሎ ቢያነባቸው ይሻላል፤ ዓረፍተ ነገሮቹ ለጆሮ የተጻፉ ናቸው።